ለንደን የታየው ፊልም፣ አዲስ አበባ የታየው ፊልም

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ሪቻርድ ዲምብልቢ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ቤልሰን ወደተባለው የናዚ ካምፕ ገብቶ ያየውን ለቢቢሲ ሬዲዮ ላከ። ለንደን ያሉት አለቆቹ ማመን አቅቷቸው ዘገባውን ሊይዙት ሲሉ፣ «ካላስተላለፋችሁት ሥራዬን እለቃለሁ» ብሎ አስጨነቃቸው። ተላለፈ። ልጁ ጆናታን ያኔ ገና ዓመት አልሞላውም።

አባትየው ኋላ በቴሌቪዥን የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫንና የቸርችልን ቀብር ለእንግሊዝ ሕዝብ ያሳየ ሰው ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ በካንሰር ሞተ። ታላቅ ልጁ ዴቪድ ለዓመታት የቢቢሲን የምርጫ ሌሊቶች መራ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስም ማውጣት ቀላል አይደለም። ጆናታን ፍልስፍና ተምሮ በቢቢሲ ጀመረ፤ ቆይቶም ወደ ተቀናቃኙ አይቲቪ ተሻግሮ «ዚስ ዊክ» ለተባለው ሳምንታዊ ፕሮግራም መሥራት ያዘ። የራሱን ስም ያገኘው ወሎ ላይ ነው።

በወሎ ዝናቡ ከቀረ ከርሟል። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ ቤቱን ጥሎ ወደ አስመራ መንገድ ዳር ወርዷል። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚያው ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳይተዋል። መንግሥት ግን ነገሩ እንዳይጮህ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የ29 ዓመቱ እንግሊዛዊ ረሃቡን «አገኘው» ማለት አይቻልም፤ ያደረገው በፊልም ቀርጾ ባሕር ማዶ ማሳየት ነው። ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ተመልካቹ ኪሱን ፈታ፤ የዕርዳታ ድርጅቶችም ብዙ ገንዘብ ሰበሰቡ።

ከ11 ወር በኋላ ይኸው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ድብቁ ረሃብ» ብሎ አሳየው። ደርግ በወሎ ረሃብተኞች መሀል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታይባቸውን ምስሎች አስገብቶበት ነበር። ሥዕሉ ሁሉ እውነተኛ፣ ፍርዱ ግን የአቀናባሪው ነው። በጊዜው ቴሌቪዥን ያለው ጥቂት የከተማ ሰው ቢሆንም፣ መስኮት ላይ ተደርድሮ ያየና ወሬውን የሰማ ብዙ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃውን አዋጅ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አነበቡላቸው፤ በቮልስዋገንም ወሰዷቸው። ዙፋኑን የጣለው ፊልሙ ነው የሚሉ አሉ። ማጋነን ነው፤ የካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ሾፌሩ፣ የመምህሩና የወታደሩ አመፅ የአክሊሉ ሀብተወልድን ካቢኔ አስቀድሞ አፍርሶታል። ፊልሙ የሰጠው የመጨረሻውን ሌሊት ነው።

ጆናታን ግን በወሎ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1975 የአባቱን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አሳተመ። በ1994 ደግሞ ከያኔው ልዑል ቻርልስ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ በጋብቻው ታማኝ ለመሆን ሞክሮ እንደሆን ጠየቀው፤ ቻርልስም ትዳሩ ሊጠገን በማይችልበት ደረጃ እስኪፈርስ ድረስ ብቻ መሆኑን አመነ። የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚያወሩት ሞላላቸው። የእሱ ዋነኛ ወንበር ግን ሌላ ቦታ ነበር፦ ከ1987 እስከ 2019 ድረስ በቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ኤኒ ኩዌሽንስ» በተባለው ፕሮግራም፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ፖለቲከኞችን በሕዝብ ጥያቄ ፊት ማስቀመጥ።