ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ የሳይኮሎጂ ዲግሪ መንገድ ከቂርቆስ ሲነሣ

የሥነ ልቦና ዲግሪን በሁለት ዓመት ኮሌጅ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጨረስ በሰሜን አሜሪካ የተለመደ አካሄድ ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ስም የሚታወቅ ሥርዓት የለም። ፈላጊው ግን ሞልቷል፦ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ያላወጣው፣ ሥራ ይዞ ማታ የሚማር፣ በሌላ ዘርፍ ዲፕሎማ ከያዘ በኋላ ልቡ ወደ ሳይኮሎጂ ያዘነበለ። ለእነዚህ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ የሚነሡት መንገዶች ጠመዝማዛ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ እሱም የሬጅስትራር መስኮት ነው።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ መስቀል አደባባይን፣ ለገሃርንና ካዛንቺስን የያዘ የከተማዋ መሐል ነው። ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ የጣሊያን ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የተባለው በአዲስ አበቤ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ ወዲህ በዙሪያው ቢሮና ሆቴል ሲበዛ ኖሯል፤ ስለዚህ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ሰው እዚህ ሠፈር ፈልጎ ማጣት ይከብዳል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። በእግሩ አራት ኪሎ ይደርስ ለነበረ የማታ ተማሪ የታክሲው ጉዳይ ከትምህርት ክፍያው የሚያንስ ራስ ምታት አይደለም።

የሁለት ዓመት ኮሌጅ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ራሱ የተወለደው እንደዚያ ሆኖ ነው። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጀመሪያ የተቋቋመው ለሁለት ዓመት ትምህርት ነበር፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ውጭ አገር ሄዶ መቀጠል ነበረበት። ዛሬ አሜሪካኖች «ትራንስፈር» የሚሉት ነገር ያኔ ባሕር ማቋረጥን ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁና ሌሎች ተቋማት ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዋና ግቢ ሆነ፤ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ሳይኮሎጂ እዚህ ግቢ ሥር የሰደደው በመምህራን ትምህርት በኩል ነው። ልጅ እንዴት እንደሚማር፣ መምህር ምን ማወቅ እንዳለበት የሚጠይቅ ትምህርት ሆኖ አደገ፤ እስከ ቅርብ ጊዜም የሳይኮሎጂ ትምህርት ቤቱ የትምህርትና የባሕርይ ጥናት ኮሌጅ አካል ሆኖ ቆይቷል። ይህ ውርስ ዛሬም ይታያል። የሳይኮሎጂ ምሩቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የትምህርት ቤት ካውንስለርን ነው፤ በሽተኛ የሚያክመው የሥነ አእምሮ ሐኪም ግን በሕክምና ትምህርት በኩል የሚመጣ ሌላ ባለሙያ ነው። ሁለቱን ማምታታት በቤተሰብ ምክር ላይ ሳይቀር ያጋጥማል፤ «ልጄ ሳይኮሎጂ ተምራ ሐኪም ትሆናለች» የሚል ወላጅ ጥቂት አይደለም።

በደርግ ዘመን «ጁኒየር ኮሌጅ» የሚለው ስም በይፋ ይሠራበት ነበር፤ አምቦና ጅማ የግብርና ጁኒየር ኮሌጆች ነበሯቸው። ኮተቤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ዲፕሎማ ይሰጥ ነበር። ከእነዚህ ዲፕሎማ የያዘ ሰው ከዓመታት ሥራ በኋላ በክረምት ወይም በማታ ትምህርት ወደ ዲግሪ ያድግ ነበር። ቀደም ብሎ የወሰዳቸው ኮርሶች ታይተው የተወሰኑት ሲያዙለት አሠራሩ «አድቫንስድ ስታንዲንግ» ይባላል። የአሜሪካው ትራንስፈር የቅርብ ዘመድ ይህ ነው፤ ልዩነቱ መብት ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ውሳኔ መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ ተቋማት ቀድመው ተፈራርመው የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ዝርዝር ያወጣሉ፤ እዚህ ዲኑ ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊው እያንዳንዱን ፋይል ያገላብጣል።

ዛሬ የመጀመሪያው በር ጠባብ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ነበር፤ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 ከመቶ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ደረሰ። ትምህርት ሚኒስቴር ከመጀመሪያው ድንጋጤ በኋላ ያመጣው መፍትሔ የማካካሻ ትምህርት፣ ተማሪው «ሪሚዲያል» የሚለው ነው፦ ውጤታቸው ከማለፊያው በታች ቢሆንም የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንደገና ይማራሉ፤ ሲያልፉ የመጀመሪያ ዓመት ይጀምራሉ። የግል ተቋማትም ይህን ፕሮግራም ይሰጣሉ። በመንፈሱ ከአሜሪካው የሁለት ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጅ ጋር የሚመሳሰለው ይህ ነው፤ ነገር ግን ሪሚዲያል ወደ ዲግሪው የሚቆጠር አንድም ክሬዲት አያስገኝም። የአሜሪካው ተማሪ ሁለት ዓመት ሲማር ግማሽ ዲግሪ ይይዛል፤ የሪሚዲያል ተማሪ ግን የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው የሚይዘው።

ወደ ፍሬሽማን የደረሰ ተማሪ ሳይኮሎጂን ሳይመርጥም ይቀምሳል። ወደ ሦስት ዓመት ወርዶ የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪ ወደ አራት ዓመት ሲመለስ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈጥሮም የማኅበራዊ ሳይንስም አዲስ ገቢዎች «ጠቅላላ ሥነ ልቦና»ን እንደ የጋራ ኮርስ ይወስዳሉ። ከስሜት ሕዋሳትና ከግንዛቤ ተነሥቶ መማርን፣ ማስታወስንና መርሳትን፣ ፍላጎትንና ስሜትን፣ ሰብእናን፣ የአእምሮ ሕመሞችን አልፎ ወደ ሕይወት ክህሎት የሚዘልቅ ሦስት ክሬዲት ነው። ብዙዎች ሳይኮሎጂን የሚመርጡት ይህን ኮርስ ከወሰዱ በኋላ ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም፤ ፍሮይድን ከሰነፍ ቀልድ ውጭ መጀመሪያ የሚያገኙት እዚያ ነውና። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ነው፤ ሰው ማማከር ብቻ የመሰለው ተማሪ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

የቋንቋው ነገርም ይቆጠራል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ተገልጋዩ በአማርኛ ነው። «ጭንቀት» የምንለው ቃል እንግሊዝኛው በሁለት ሦስት ስም የሚለያያቸውን ሁኔታዎች ይሸፍናል፤ ለከባዱ የስሜት መውደቅ «ድባቴ» የሚለው ቃል የተስፋፋው ከ«ድብርት» በኋላ ነው፣ ድብርት የዕለት ተዕለት መሰላቸትንም ስለሚጠራ። ተማሪው ፈተናውን አልፎ ሥራ ሲገባ ያነበበውን ሁሉ በአዲስ ቃል እንደገና ይማራል።

ሥራ የያዘው የካዛንቺስ ሰው የሚያስበው በአብዛኛው ስለ ማታና ስለ ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ነው። የግል ኮሌጆች ለዚህ ቅርብ ናቸው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ዕውቅና ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለየፕሮግራሙ፣ ለየካምፓሱና ለየአሰጣጡ ለየብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ በአንድ ካምፓስ ሳይኮሎጂን በመደበኛ ሊያስተምር ዕውቅና ኖሮት፣ በሌላ ካምፓስ ወይም በርቀት ለመስጠት ግን ላይኖረው ይችላል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በድንገት ሲያግድ፣ የግል ተቋማት የሕግና የመምህርነት ትምህርት እንዳይሰጡ ሲከለክል የተንጫጩት ተማሪዎች ታሪክ በዘርፉ አይረሳም፤ የርቀት ክልከላው በኋላ ላልቷል። በቅርቡም የግል ተቋማት ሁሉ ዳግም እንዲመዘገቡ ተደርጓል። ከመመዝገብ በፊት የባለሥልጣኑን ዝርዝር ማየት አንድ ከሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው።

በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሶ «ሲኦሲ» የሚባለውን የብቃት ምዘና ያለፈ ሰውም ወደ ዲግሪ የሚገባበት በር አለው፤ ሆኖም በሩ የሚከፈተው በተያያዘ ዘርፍ ስለሆነ ከአካውንቲንግ ወደ ሳይኮሎጂ መሻገር ማለት ብዙውን ጊዜ ከዜሮ መጀመር ነው። ይህን ከመማር በፊት የሚነግረው ሰው ያጣ ተማሪ ብዙ ነው።

በየትኛውም በር የገባ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ወንፊት ይጠብቀዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪዎች፣ ሳይኮሎጂን ጨምሮ፣ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ካላለፉ አይመረቁም፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ውስጥ የመንግሥት ተቋማት ተማሪዎች ድርሻ ብልጫ ነበረው፤ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ ስለ ኮሌጆቹ ይናገራል፤ ስለ ተማሪዎቹ አነሣስም ይናገራል፤ ሁለቱን ለይቶ መፍረድ ከባድ ነው። ማስተርስ የሚፈልግ ደግሞ የአገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ያልፋል፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መማር የሚቻለው በዚህ ደረጃ ነው።

ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ መዛወር በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ በተግባር ግን ወረቀት ይይዘዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ዝውውርን የሚያዩት በአብዛኛው በሕመምና በመሰል አስገዳጅ ምክንያት ነው። ከዚያ ውጭ የሚመጣው በአዲስ አመልካችነት ገብቶ ኮርስ እንዲያዝለት መጠየቅ ነው። ለጥቂት ዓመታት የሞጁል ሥርዓት ሲሠራበት የትምህርቱ ጫና «ኢሲቲኤስ» በሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር ስለተቆጠረ፣ የዚያ ዘመን ትራንስክሪፕት ከክሬዲት ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ያጨቃጭቃል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ደግሞ የወጪ መጋራት ግዴታውን ሳይፈጽም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣለትም። ከሁሉ የሚረሳው የኮርስ መግለጫ ነው፤ ርዕሱን ብቻ ያየ የትምህርት ክፍል ኃላፊ «አይያዝም» ቢል ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ መምህሩ የሚያድለውን ኮርስ አውትላይን እንደ ልደት ካርድ የሚያስቀምጥ ተማሪ በአምስት ዓመት ውስጥ ይጠቀማል።

ከካዛንቺስ ወጥቶ አሜሪካ የገባ ሰው ታሪክ ሌላ ነው። በኢሊኖይ የሚገኘው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ከተከፈተ ወዲህ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የአሜሪካ ድሀና መጤ በር ሆኗል። ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት በዋሽንግተን ዙሪያ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ በአሌክሳንድሪያ፣ የሞንትጎሞሪ ኮሌጅ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ ካምፓሶች አሏቸው። የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ «አድቫንስ» በሚባል የጋራ ፕሮግራም ተማሪውን ገና በመጀመሪያው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ያስይዘዋል። የሁለት ዓመት ዲግሪው 60 ክሬዲት፣ ሙሉው ዲግሪ 120 ክሬዲት አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ትራንስክሪፕት እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ባለ ገምጋሚ ተቋም ይመዘናል፤ እዚህም ያው የኮርስ መግለጫ ሊጠየቅ ይችላል።

ምሩቁ ቂርቆስ ውስጥ ሥራ ቢፈልግ፣ የዘውዲቱ ሆስፒታል፣ የየትምህርት ቤቱ ካውንስሊንግ ክፍል፣ የረድኤት ድርጅት ቢሮዎችና የየድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። ለመማር ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፣ ከካዛንቺስ በእግር ይደረሳል፤ መግቢያው በነጻ ነው። የሳይኮሎጂው የመጀመሪያ ኮርስ በአዲስ አበባም በአሌክሳንድሪያም ሦስት ክሬዲት ነው።