ማቀዝቀዣ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ

እ.አ.አ. በሰኔ 2022 በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ ማዕበልና ኃይለኛ ሙቀት ተከታትለው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፣ በየማቀዝቀዣው የነበረ ምግብ ለብልሽት ተጋልጧል።

ማስጠንቀቂያው መብራት ሳይጠፋ ከመጣ፣ በቅድሚያ በሩ መገጠሙን፣ የበሩ ጎማ አለመላላቱንና የአየር መውጫው በምግብ አለመሸፈኑን ማረጋገጥ ይገባል። ከጀርባው ወይም ከሥሩ ያለው ቱቦ አቧራ ከያዘ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ይጸዳል። ትኩስ ወጥ ገብቶ ከሆነ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ባለሙያ ይጠራል።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እንደሚመክረው፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (40 ፋራናይት) መብለጥ የለበትም። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ማቀዝቀዣው ለ4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚህ ልክ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተትና ወጥ ሳይቀመስ ይጣላል፤ ጎጂ ተህዋስያን በጣዕምም ሆነ በሽታ አይለዩምና።