የአፈ ወርቅ መምህር

ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 12 ቀን ታስበዋለች፤ በመጻሕፍተ ሊቃውንት ጉባኤም ድርሳኑ ከቄርሎስና ከሃይማኖተ አበው ጋር ንባቡ እየተነገረ፣ ትርጓሜው እየተዘረዘረ ይሰጣል። «አፈ ወርቅ» የተባለው ስለ ስብከቱ ጣዕም መሆኑን በስካርቦሮ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚማር ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ያ አንደበት ማን ዘንድ እንደ ተገራ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ያስተማረው ሰው ክርስቲያን አልነበረም።

ዮሐንስ የተወለደው በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በአንጾኪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በሃያ ዓመቷ መበለት ሆነች፤ ሌላ ባል ሳታገባም ልጇን አሳደገች። ልጁ ለትምህርት ሲደርስ የላከችው በከተማው ስመ ጥር ወደ ነበረው የንግግር መምህር ወደ ሊባኒዮስ ነው። ሊባኒዮስ የጥንቱን የግሪክ አማልክት እስከ ዕለተ ሞቱ ያልተወ ሰው ነበር። ዮሐንስ ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፣ መምህሩ የአንቱሳን ዕድሜና በመበለትነት የቆየችበትን ዘመን በሰማ ጊዜ በክርስቲያኖች ዘንድ ስላሉት ሴቶች ጽናት በአድናቆት ተናግሯል። ልጁን በማለዳ ከእምነቱ ውጭ ወደ ሆነ ትምህርት ቤት ልኮ ማታ በጸሎት የሚጠብቅ ወላጅ በስካርቦሮ መንደሮች የተጀመረ አይደለም።

በዚያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ጥበብ ግሪኮች «ሪቶሪኬ» ይሉት የነበረው ርቱዕ ንግግር ነው። ዓላማው ተማሪውን ለፍርድ አደባባይ ሙግት፣ ለከተማ ሸንጎ ምክርና ለበዓል ውዳሴ ማብቃት ነበር። የሊባኒዮስ ደቀ መዝሙር የነበረው አፍቶንዮስ መልመጃዎቹን በዐሥራ አራት ደረጃ አዘጋጅቶ ጽፏቸዋል፤ ተማሪው ከቀላል ተረት ይነሣና በምሳሌያዊ አነጋገር፣ በውዳሴ፣ በነቀፋ፣ በንጽጽር አልፎ ስለ ሕግ እስከ መሟገት ይደርሳል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ለወጣ የዋሸራ ወይም የጎንጅ ቅኔ ተማሪ ይህ ሥርዓት ባዕድ አይሆንበትም። ዝምድናው ግን የደም አይደለም። ቅኔ ከግሪክ የተቀዳ ሳይሆን በግዕዝ ምድር የበቀለ ነው፤ የሚዘረፈውም በቤተ መቅደስ ለምስጋና እንጂ በአደባባይ ለመርታት አይደለም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንደበት በልምምድ እንደሚገራ ማመናቸው ነው።

ክርስቲያኖች በዚህ ጥበብ ላይ አንድ ልብ አልነበሩም። በሦስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ የቅርጣግናው ጠርጡልያኖስ የአቴንስ ትምህርትና የኢየሩሳሌም እምነት በምን ሊገናኙ እንደሚችሉ በምፀት ጠየቀ። ጥያቄው የኋላ ሰዎችን ብዙ አነጋግሯል፤ ሆኖም መልስ የማይጠብቀው ያ አጠያየቅ ራሱ ከአሕዛብ ትምህርት ቤት የተገኘ ስልት ነበር። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ደግሞ በአቴንስ አብረው ተምረዋል። ባስልዮስ ተምሮ ሲመለስ በንግግር ችሎታው መታበዩን አይታ ልኩን ያሳወቀችው ታላቅ እኅቱ መቅሪና ናት፤ ይህንንም የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነው። ባስልዮስ ከዓመታት በኋላ የአሕዛብን መጻሕፍት ለሚማሩ ወጣቶች በጻፈው ምክር ንብን አርአያ አድርጎ አቀረበ፤ ንብ ከሁሉም አበባ እንደማትቀስም፣ ከቀሰመችበትም የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትወስድ ሁሉ እነርሱም እየለዩ እንዲማሩ መከራቸው።

ነገሩ ወደ ፈተና የደረሰው በ362 ነው። ከሃዲው ንጉሥ ዑልያኖስ፣ በአማልክቱ የማያምን ሰው ስለ አማልክቱ የተጻፉትን መጻሕፍት ሊያስተምር አይገባም ብሎ ክርስቲያን መምህራንን ከትምህርት ወንበር የሚያስወጣ ሕግ አወጣ። ሕጉ ብልኅ ነበር። ሰይፍ ሳይመዝ የክርስቲያኑን ወገን አንደበት አልባ ማድረግ ይችል ነበርና። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በዑልያኖስ ላይ በጻፋቸው ንግግሮች ቁጣውን አልሸሸገም፤ ቋንቋና ንግግር የአንድ ሃይማኖት ርስት አይደሉም ሲል ተከራከረ። በሎዶቅያ የነበሩት አቡሊናርዮስ የተባሉ አባትና ልጅ ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍትን በግሪክ ግጥምና ምልልስ መልክ እየጻፉ ለልጆች ማስተማሪያ ለማዘጋጀት ሞከሩ። ዑልያኖስ በ363 በጦር ሜዳ ሲሞት የሕጉ ዕድሜም አጠረ። ልጁ አቡሊናርዮስ በሥጋዌ ምሥጢር ስቶ በኋላ የተወገዘው ነው፤ የንግግር ችሎታው ከስሕተት አልጠበቀውም።

ያ ጥበብ በክርስቲያን አፍ ምን ሊሠራ እንደሚችል በግልጽ የታየው በ387 በአንጾኪያ ነው። ከባድ ግብር መጣሉ ሲሰማ ሕዝቡ ታወከ፤ የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ጥሎ በየመንገዱ ጎተተ። በዚያ ዘመን የንጉሥን ምስል ማዋረድ ንጉሡን ማዋረድ ነበር። ቁጣው ሲበርድ ከተማዋን ፍርሃት ወረሳት። ከፊሉ ወደ ተራራ ሸሸ፣ ከፊሉ ታሰረ፣ የሞት ፍርድ የተፈጸመባቸውም ነበሩ። ከቁስጥንጥንያ የመጡት መርማሪዎች ቴአትሩንና መታጠቢያ ቤቶቹን ዘጉ። የአንጾኪያው ሊቀ ጳጳስ ፍላቭያኖስ (ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ በቁስጥንጥንያ ከተሾመው ስመ ሞክሼው ጋር መምታታት የለበትም) በሽምግልናው፣ እኅቱ በጽኑ ታማ ሳለች፣ ንጉሡን ሊማልድ ረጅሙን መንገድ ጀመረ። መንበሩ ባዶ በሆነበት በዚያ ዐቢይ ጾም ሕዝቡን የማጽናናት ሸክም የወደቀው ቅስና ከተቀበለ አንድ ዓመት ገደማ በሆነው በዮሐንስ ላይ ነው።

ስለ ሐውልቶቹ የተባሉት 21 ድርሳናት የዚያ ጾም ፍሬ ናቸው። የሚያነባቸውን የሚያስገርመው፣ ሰው ሁሉ ሞቱን በሚጠባበቅበት ሰዓት ሰባኪው ደጋግሞ የሚመለስበት ጉዳይ መሐላ መሆኑ ነው። ዮሐንስ መማልን ተዉ እያለ ሰነበተ። ሰበብ ይመስላል፤ አይደለም። የንጉሡን ልብ ማዘዝ የማይችል ሕዝብ የገዛ አንደበቱን ግን ማዘዝ ይችላል፤ የሚሠራው ሥራ ያገኘ ሰውም በፍርሃት አይሞትም። በትንሣኤ ሰሞን ፍላቭያኖስ ምሕረት ይዞ ተመለሰ። ዮሐንስም በመጨረሻው ድርሳን ሊቀ ጳጳሱ በንጉሡ ፊት እንዴት እንዳለቀሰና እንደ ማለደ ለሕዝቡ ተረከ። ትረካው በሊባኒዮስ ትምህርት ቤት ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱን፣ ማለትም የሌላን ሰው አንደበት ተውሶ መናገርን፣ በሙሉ ኃይሉ የተጠቀመ ነው። በዚሁ ዓመት አረጋዊው ሊባኒዮስም ስለዚያው ሁከት ንግግሮችን ጽፎ ነበር። መምህርና ተማሪ በአንድ ጥበብ ለአንድ ከተማ ተሟገቱ።

ልዩነታቸው ለጭብጨባ ካላቸው ስሜት ይታወቃል። በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያንም ማጨብጨብ የተለመደ ነበር፤ ለንግግር መምህር ጭብጨባ ዋጋው ነው። ዮሐንስ ግን ተማሯል። በቁስጥንጥንያ የሐዋርያትን ሥራ ሲተረጉም በስብከት ጊዜ ጭብጨባ እንዳይኖር ሕግ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ሕዝቡም ንግግሩ ስላማረው አጨበጨበ። የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት የነቀፈበት ያው አንደበት በመጨረሻ ለስደት ዳረገው፤ በ404 ተጋዘ፣ በ407 በግዞት መንገድ ላይ ዐረፈ። ከጠላቶቹ አንዱ፣ እርሱም የተዋጣለት ሰባኪ የነበረው፣ የገብላው ሳዊርያኖስ ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ የአንጾኪያ አንደበተኛ ለቁስጥንጥንያ መንበር ተመረጠ፤ ንስጥሮስ። በ428 የተመረጠው በስብከቱ ዝና ነበር። እመቤታችንን ወላዲተ አምላክ ማለትን ሲነቅፍ አብሮቅሎስ በዚያው ከተማ፣ በታላቂቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ንስጥሮስ ራሱ በተቀመጠበት ስለ ወላዲተ አምላክ ሰበከ። ግሪኮች ተማሪዎቻቸውን ያለማምዱበት የነበረው ተቃራኒ ሐሳቦችን አንጻር ለአንጻር የማቆም ስልት በዚህ ስብከት ተገቢ ቦታውን አገኘ። ምሥጢረ ሥጋዌ በተፈጥሮው እንዲህ ያለ ቋንቋ ይጠይቃልና፤ ሰማይ የማይችለው ጌታ በድንግል ማኅፀን ማደሩን ለመናገር ተቃራኒዎችን ከማጋጠም የተሻለ መንገድ የለም። በ431 የኤፌሶን ጉባኤ በቅዱስ ቄርሎስ መሪነት ንስጥሮስን አወገዘ።

ይህ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በአክሱም ዘመን ነው። «ቄርሎስ» የተባለው መጽሐፍ ከግሪክ በቀጥታ ወደ ግዕዝ ሲመለስ የእስክንድርያውን አባት ድርሳናት ብቻ ሳይሆን በኤፌሶን ጉባኤ የተሰበኩ ስብከቶችንና የሌሎች አባቶችን ጽሑፎችም ይዞ መጣ። የአብሮቅሎስ ድርሳን በውስጡ አለ። የሚገርመው የሳዊርያኖስ ዘገብላም መኖሩ ነው፤ አፈ ወርቅንና ባላጋራውን የግዕዝ አንባቢ በአንድ የሊቃውንት ጉባኤ ያገኛቸዋል።

ለተርጓሚዎቹ ሥራው ቀላል አልነበረም። የግሪኩ ተናጋሪ ዐረፍተ ነገሩን በረጅሙ ይገምደዋል፤ ዋናውን ቃል እስከ መጨረሻ አቆይቶ ሰሚውን ያንጠለጥላል። ግዕዝ በአጫጭር ሐረግ፣ በ«ወ» እየተያያዘ መሄድ ይወዳል። የቃላቱ ድምፅ ጨዋታ ባሕር ሲሻገር ቀረ። የተሻገረው የሐሳቡ ሚዛን ነው፦ ተቃርኖው፣ ተከታታይ ጥያቄው፣ ሰሚውን በቀጥታ ጠርቶ ማናገሩ። የክርስቶስን አንድነት የሚያስረዳው የቄርሎስ ድርሳን በጥያቄና መልስ መልክ መጻፉም ለኢትዮጵያ መምህራን ምቹ ሆነ፤ የአንድምታው ጉባኤ ራሱ «እንዲህ ቢሉ፣ እንዲህ ነው» እያለ የሚሄድ ነውና። አባቶች ከአሕዛብ የወሰዱት የንግግር ሥርዓት በዚህ መንገድ መነሻው ተረስቶ፣ ባለቤቱ ተለውጦ፣ የተዋሕዶ ሃይማኖት መናገሪያ ሆኖ ኖረ።

መነሻው መረሳቱ ክፉ አልነበረም። በስደት ምድር ግን ጥያቄው እንደ ገና ይነሣል፤ በስካርቦሮ የሚያድግ ልጅ ንግግር ማድረግን፣ መከራከርንና ድርሰት መጻፍን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ግዕዙን ከካህናቱ አፍ ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን ይርቀዋል።

ለዚህ ርቀት የተገኘ አንድ መልስ ከዚሁ አካባቢ መነሣቱ ሊመዘገብ ይገባዋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የስካርቦሮ ቅጥር የታሪክ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስ ግዕዝ በዩኒቨርሲቲው እንዲሰጥ ጥሪ አቀረቡ፤ በስካርቦሮ ያደገው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ በ2016 ለዚሁ 50,000 ዶላር ለገሠ፤ በ2017 መጀመሪያም ትምህርቱ ተጀመረ። እዚያ የሚሰጠው ንባብና ሰዋስው ነው። ዜማው፣ ቅኔውና የአንድምታው ትርጓሜ እንደ ቀድሞው በመሪጌቶችና በየኔታዎች ዘንድ አለ፤ ቄርሎስን አፍ ለአፍ የተቀበሉት እነርሱ ናቸው።