ከዓድዋ ወንዝ የተጀመረው ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ነበር። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው ሌላው አይቶ የሚያልፈውን ነገር ልብ ማለታቸው ነው። ምስጋናው ይገባቸዋል። ለተማሪ ግን ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ቀጥለው ያደረጉት ነው። ከአጣቢዎቹ አንዷን፣ የእንዶዱን አረፋ ከፍ ብሎ ወዳለው፣ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ወደሚገኙበት ውሃ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። አረፋው ተጨመረ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ሳይንሳዊ ዘዴ ምን እንደሆነ ከዚህ አጭር ድርጊት የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ አላውቅም።

ከልብስ ማጠቢያው በታች ያለው ውሃ ከላይኛው የሚለየው በእንዶድ ብቻ አይደለም። የልብስ እድፍ ይገባበታል፤ በሰው እግር ተረግጦ ይደፈርሳል፤ ጥልቀቱና ፍሰቱም ሊለይ ይችላል። ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው ከእነዚህ አንዱ፣ ወይም የአንዳንዶቹ ድምር ሊሆን ይችል ነበር። የሰው ዓይን የቱንም ያህል ስል ቢሆን፣ አንድ ላይ የሚመጡ ነገሮችን በማየት ብቻ ሊለያያቸው አይችልም። አረፋው ወደ ላይኛው ውሃ ሲገባ ግን ቦታው፣ ፍሰቱና ቀንድ አውጣዎቹ እንዳሉ ሆነው የተለወጠው አረፋው ብቻ ሆነ። የመማሪያ መጻሕፍት ነጻ ተለዋዋጭ የሚሉት ያንን አረፋ፣ ጥገኛ ተለዋዋጭ የሚሉት የቀንድ አውጣዎቹን መሞት ወይም መትረፍ ነው። ተማሪዎቻችን እነዚህን ቃላት ለፈተና ያጠናሉ፤ ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላ ምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ እያሉም ደረጃዎቹን በቃላቸው ይይዛሉ። የዚህ ደረጃ በደረጃ አቀራረብ አንዱ ዋና ምንጭ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። እርሳቸው የገለጹት ማንኛውም ሰው ችግር ሲገጥመው እንዴት እንደሚያስብ ነበር፤ እንደ ቋሚ የሥራ መመሪያ በቁጥር ደርድረው ያስቀመጡት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ የመማሪያ መጻሕፍት ናቸው። ደረጃዎቹን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ፣ አረፋው ለምን ወደ ላይኛው ውሃ መወሰድ እንዳስፈለገ ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ ዘዴው ገና አልደረሰውም።

በእርግጥ የወንዙ ሙከራ ጉድለት ነበረበት። የልብስ ማጠቢያ አረፋ ውስጥ እድፍም አለ። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ ነበረበት፤ ሄደም። እዚያ ደግሞ የበለጠ ከባድ ትምህርት ይጠብቅ ነበር፦ «አንድ ነገር ብቻ ለወጥን» ብንልም፣ ያ አንዱ ነገር ራሱ ብዙ ነገሮችን በውስጡ ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም። ተክሉ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ሲሆን ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ነው፤ የፍሬው ኃይልም እንደ ዓይነቱና እንደ ብስለቱ ይለያያል። ከዶክተር አክሊሉ ጋር የሠሩት ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን ሲያወዳድሩ፣ ቁጥር 44 ተብሎ የተሰየመው ቀንድ አውጣ በመግደል ጎልቶ ወጣ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የአዘገጃጀቱ ነገር ነው። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ፣ በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ላይ ከስኳር ሰንሰለቶቹ አንዱን ይቆርጣል፤ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ይህ የተቆረጠው ነው። በውሃ ፋንታ ሜታኖል ከተጠቀሙ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን አይሠራም፤ የሚወጣው ሳፖኒንም ቀንድ አውጣውን አይጎዳውም። እንግዲህ ሁለት ተመራማሪዎች ከአንድ ተክል የተለቀመ ፍሬ ተካፍለው፣ አንዱ በውሃ፣ ሌላው በሜታኖል ቢያዘጋጁት፣ አንዱ «ይገድላል»፣ ሌላው «አይገድልም» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ያዩትን በታማኝነት ጽፈዋል። የዓድዋ ሴቶች ልብስ ለማጠብ የሚያደርጉት መውቀጥና በውሃ መዘፍዘፍ፣ ሳይታሰብ፣ ትክክለኛው የአዘገጃጀት መንገድ ነበር።

«ታዲያ ግኝቱ የሴቶቹ እንጂ የሳይንስ ነው ወይ?» የሚል ሙግት መነሳቱ አይቀርም፤ በቁም ነገር ሊመለስም ይገባል። ያለ እነሱ እውቀት የሚጠና ነገር አይኖርም ነበር። እንዶድ ማጽዳቱን፣ እንዴት እንደሚዘጋጅም የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ነገር ግን ስለ ልብስ የተከማቸው እውቀት ስለ በሽታው መልስ አይሰጥም። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል ከሰው ይወጣል፤ እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወደ ውሃው ወጥቶ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ይህን ሰንሰለት ከእንዶዱ ጋር ለማገናኘት በመጠንና በንጽጽር የተደረገ ሙከራ ያስፈልግ ነበር። የወንዙን ታሪክ በክብር ማስተማር ማለት የአጣቢዎቹንም የተመራማሪውንም ድርሻ በየቦታው ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ሙግት የሚነሳው ከመስክ ጥናቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ የሕዝቡ ጤና ክትትል ተደረገበት፤ በበሽታው የተያዙት ሰዎች መጠን ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ተጠራጣሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ዝናቡም፣ የሰዉ ልማድም፣ ሕክምናውም ሊለወጥ ይችላል ይላል፤ እውነቱን ነው። ከተማ እንደ ጠርሙስ አይዘጋም። ለዚህ ጥርጣሬ ከሁሉ የተሻለው መልስ የሚገኘው ከሕፃናቱ ነው። ትሉ በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ አዋቂው ዛሬ ቢመረመር የሚታየው ከሙከራው በፊት የያዘው በሽታ ሊሆን ይችላል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ግን የሚታየው በአመዛኙ የቅርብ ጊዜ መያዝ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ቁጥሩ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ጥርጣሬውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ በጣም ግን ያጠብበዋል። ለውጡን ማን ላይ ብንለካው ይገለጣል ብሎ መጠየቅ፣ ምን እንለውጥ ብሎ የመጠየቅን ያህል የዘዴው አካል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተጋሩት በዚህ ሁሉ ሥራ ነው።

ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን እንዴት ያስተምራል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሙከራ ከተለመደው የልብስ ማጠቢያ አረፋ በስተቀር ምንም መሣሪያ አልጠየቀም። ባቄላ በሁለት ጣሳ ዘርቶ፣ አፈሩን፣ ውሃውንና የዘሩን ብዛት እኩል አድርጎ፣ አንዱን ብርሃን ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ውስጥ ማኖር ይቻላል። ከዚያ መምህሩ የሚጠይቀው ከብርሃኑ ጋር አብሮ የተለወጠ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ነው። ፀሐይ ላይ ያለው ጣሳ ይሞቃል፤ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። እዚህ ላይ የደረሰ ክፍል ሦስተኛ ጣሳ ይፈልጋል፤ ብርሃን የማያገኝ፣ ሙቀቱ ግን ፀሐይ ላይ ካለው ጋር የሚቀራረብ። የወንዙን ሙከራ ራሱን መድገም ግን አይገባም፤ ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ትሉ ቆዳውን በስቶ ሊገባበት ይችላል።