ኪታቡ አለ፤ አንባቢውስ?

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ኪታብና ስላቆዩት ሰዎች ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንደሉሱ ዓሊም ኢብን ሐዝም በ1064 ወደ አኺራ ሄደዋል። ስለ ፍቅር የጻፉት «ጠውቁል ሐማማ» (የእርግቧ የአንገት ቀለበት) የሚታወቅ አንድ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ቀርቶለታል። እርሱም የሚገኘው በኮርዶባ ወይም በካይሮ ሳይሆን በሆላንድ፣ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንዴት እዚያ ደረሰ? ቶማስ ኤርፔኒዩስ በ1613 በላይደን የዐረብኛ መምህር ሆኖ ተሾመ። እርሱ ጎሊዩስን አስተማረ፤ ጎሊዩስ ደግሞ ሌቪኑስ ዋርነርን። ዋርነር በኢስታንቡል የሆላንድ መልእክተኛ ሆኖ ሲኖር አንድ ሺህ ያህል የእጅ ጽሑፎች ሰበሰበ፤ በ1665 ሲሞትም ለላይደን ተናዘዘ። ኪታቡ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሁር ዶዚ ለሌሎች ተመራማሪዎች አሳወቀው። ሩሲያዊው ፔትሮፍም በ1914 አሳተመው። ከኑዛዜው እስከ ኅትመቱ 249 ዓመት! እኛ ኢስናድ እንደምንለው፣ መምህር ከመምህር ባይቀባበል ኖሮ ማን ያነበው ነበር?

እንዲህ ያለው ሰንሰለት ዛሬ በዚያው አገር እየተፈተነ ነው። በኅዳር 2024 የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ስድስት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። «እስልምናና ዐረብኛ» አንዱ ነው፤ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛም አልቀሩም። ምክንያቱ የተማሪ ማነስና የበጀት መጥበብ ነው። ለጥቂት ተማሪዎች መምህር መቅጠር እንደሚከብድ አንክድም። ነገር ግን የጥንት ኪታብ የሚያነብ ሰው ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ትምህርቱን ለመዝጋት አንድ ስብሰባ ይበቃል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ እየጻፉ መንዙማ አቆይተውልናል። የሐረር ሊቃውንትም በሐረሪኛ እንዲሁ አድርገዋል። በጨርቅ ተጠቅልሎ በሳጥን የተቀመጠ የአያት ኪታብ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። እንሳለመዋለን፣ አቧራውን እናራግፋለን፤ ግን ስንቶቻችን እናነበዋለን?

ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፣ የሚያነቡት አባቶች በሕይወት ሳሉ አንድ ልጅ አጠገባቸው እናስቀምጥ። ላይደን በየትውልዱ አንድ አንባቢ ስላላጣ ኪታቡ ተረፈ። እኛስ ከየቤታችን አንድ ደረሳ እናጣለን?