የቃኘው ጣቢያ ውልና የተከፈቱት መዛግብት

ሁለት መንግሥታት የሚፈራረሙት ውል ምን እንደ ተፈቀደ ይናገራል እንጂ ኋላ ምን እንደ ተሠራ አይናገርም። በአሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ጦር በ1943 የቀድሞውን የኢጣሊያ ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ ያዘ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ በ1953 በአንድ ቀን ሁለት ስምምነቶች ተፈረሙ። አንደኛው አሜሪካ በቦታው ለ25 ዓመት እንድትገለገል የሚፈቅድ ሲሆን ሁለተኛው ለኢትዮጵያ ጦር ርዳታ የሚያስገኝ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ምስጢርነታቸው የተነሣላቸው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ድርጅት ጽሑፎች ግን «ስቶንሃውስ» ስለ ተባለ ሥራ ይተርካሉ። ይኸውም ከ1965 እስከ 1975 ድረስ አንደኛው ወደ 46፣ ሁለተኛው ወደ 26 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጐድጓዳ አንቴናዎች የሶቭየት ኅብረት የጠፈር መንኰራኵሮች የሚያስተላልፉትን ምልክት ያዳምጡ ነበር።

አሥመራ የተመረጠችበት ምክንያት በጂኦግራፊ ይገለጻል። ሶቭየቶች የሩቅ ጠፈር መገናኛቸውን ያቆሙት በክሪሚያ ነው፤ መንኰራኵሮቹም መልእክት የሚልኩት ከክሪሚያ ሰማይ ላይ በሚታዩበት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት አሜሪካ ብዙውን ጊዜ በሌላው የምድር ወገን ስለምትሆን አትሰማም። አሥመራ ግን ለክሪሚያ በቀረበ ኬንትሮስ ላይ ስላለች መንኰራኵሩ በእርስዋም ሰማይ ላይ ይሆናል። እንግዲህ የቦታው ዋጋ በስፋቱ ሳይሆን በአቀማመጡ ነበር።

ይሁን እንጂ ተዋዋዮቹ ይህንኑ አስበው ፈረሙ ማለት ስሕተት ነው። የመጀመሪያዋ ስፑትኒክ የተተኰሰችው በ1957፣ ማለት ከውሉ አራት ዓመት በኋላ ነው። መዛግብቱ የሚያስረዱን ሌላ ነገር ነው፤ ለ25 ዓመት የተሰጠ ሰፊ ፈቃድ በተፈረመበት ቀን ማንም ያላሰበውን ሥራ ሊያስገባ ይችላል። ዋጋው የተተመነው በ1953 ዕውቀት ሲሆን ጥቅሙ የተገኘው በ1965 ዕውቀት ነው። ስለዚህ ርዳታው ተመጣጣኝ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሰው የውሉን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባውም።

ጣቢያው የውሉ ዘመን ሳያልቅ በ1977 ተዘጋ፤ አሥመራም ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ ናት። የተጠቀሱት መዛግብት ግን የአንድ ወገን ቃል ናቸው። የባለመሬቱ መንግሥት ሚኒስቴሮች ወረቀቶችም ለተመራማሪ ካልተከፈቱ፣ የቤታችንን ታሪክ እንግዳው በጻፈው ብቻ ስናነብ እንኖራለን።