«ክራሽ»ን ዳግም ስሰማው

«ክራሽ» የተሰኘውን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት በተማሪነቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ካወረሰኝ ካሴቶች መካከል ነው። የእንግሊዙ ሂዩማን ሊግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ሥራ ነው። እጅግ አዘንኩበት። የ1981ዱን «ዴር» በቃሌ ለያዝኩት ለእኔ፣ ይህ የተወለወለ ድምፅ ክህደት መሰለኝ። የ«ዴር» ሲንተሳይዘር ብረት ብረት ይሸታል፤ የቡድኑን አገር፣ የብረት ከተማዋን ሼፊልድን ያስታውሳል። «ክራሽ» ግን የሌላ አገር ሰው ነው።

በእርግጥም ነው። ቡድኑ አዲስ ሥራ አልሰምርለት ሲል አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ተሻገረ። የተቀበሉት ጂሚ ጃምና ቴሪ ሉዊስ በዚያው ዓመት የጃኔት ጃክሰንን «ኮንትሮል» ያቀናበሩ፣ በሥራቸው የማይደራደሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የቡድኑን ዜማዎች ከፊሉን ገሸሽ አድርገው የራሳቸውን አስገቡ። በአሜሪካ አንደኛ የወጣው «ሂዩማን» እንኳ የእነርሱ ድርሰት ነው። ይህን ለዓመታት እንደ ዘረፋ ቆጠርኩት። (አርታዒ ግጥሜን ሲቆርጥብኝ የምቆጣው በዚሁ ልቤ ነው።)

ባለፈው ክረምት ደግሜ ሰማሁት። ፊል ኦኪ ይቅርታ ሲለምን፣ ያ ወፍራምና ቁጥብ ድምፁ ከተስተካከለው ምት ጋር አይዋሃድም፤ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ቆሞ ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ ጆአን ካተሮል ሳትዘፍን፣ በተራ ንግግር፣ እርሷም እንደበደለች ትናዘዛለች። ሁለቱም ጥፋተኞች! በልጅነቴ ይህን ቦታ ካሴቱን እያስሮጥኩ አልፈው ነበር። ኑዛዜውን ሌላ ሰው እንደጻፈላቸው እያወቅኩ ዛሬ አምናቸዋለሁ፤ ግድግዳው እንዲያ ባይለሰን ስንጥቁ አይታየኝም ነበር።

ከቀሩት ዘፈኖች ግን ሦስት አራቱን አሁንም እዘላቸዋለሁ።